ጋሽ ይማም መድኃኒት ያቆሙባቸው ዘጠኝ ቀናት

ባለፈው ወር ልጄ ክንዷን ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። ክትባት ተሰጥቷቸው ነበር። ምሳዋን በልታ ብዙም ሳትቆይ ትኩሳት ጀመራትና ሶፋው ላይ ጥቅልል ብላ ተኛች። "እንዳልታመም ብለው አሳመሙኝ" እያለች ታማርር ጀመር። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ትኩሳቱ በሽታ ሳይሆን የገዛ ሰውነቷ ሥራ መሆኑን፣ አዲስ ነገር ሲገባበት ነቅቶ እንዲህ እንደሚያደርግ አስረዳኋት። ከሃያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ደም ስመረምር ስለኖርኩ እንዲህ ያለውን ነገር ለማስረዳት አይቸግረኝም። እሷ ግን ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

እርግጠኛ ነበርኩ። መልሱ ግን ከአፌ ቶሎ አልወጣም። በዚሁ ሰፈር፣ በወጣትነት ዕድሜዬ፣ ስለ ሌላ ሰው ትኩሳት ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቄ ያለ አንዳች ማመንታት መልሼ ነበር።

ያኔ እኔና እናቴ የምንኖረው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ በነበረ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ። ዛሬ ቦታው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ቤታችን የነበረበትን ቦታ ለልጄ ላሳያት ሞክሬ፣ መኪና ማቆሚያው ይሁን የልብስ ማስጫው መለየት አቅቶኛል። ዘጠናዎቹ እየተገባደዱ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በላብራቶሪ ሙያ ዲፕሎማዬን ይዤ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። እናቴ ነጭ ጋወኔን አጥባ የምታሰጣው በራችን ላይ ገመድ እያለን ግቢው መሀል ነበር፤ ሰው እንዲያይላት። ጋወኑን ያየ ጎረቤት ሁሉ "ዶክተር" ይለኝ ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን "ኧረ እኔ ደም መርማሪ ነኝ" እል ነበር፤ የሚሰማኝ ስላልነበረ እያደር ማረሙን ተውኩት። ጥርሱን ያመመው፣ ልጁን ተቅማጥ የያዘበት፣ ደም ግፊት አለብኝ ብሎ የሚሰጋ፣ ሁሉም ከሥራ ስመለስ በራችንን ያንኳኳል። እኔም አንድ ነገር ሳልል አልሸኝም። አላውቅም ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መጠየቁ ደስም ይለኝ ነበር።

ጋሽ ይማም ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው። የክፍላቸው መስኮት ወደ መንገዱ ስለሚከፈት የስፌት መኪናቸውን እዚያው ሥር አድርገው፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚመጣውን ሰው ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ለጠበቆች ሙሉ ልብስ ይሰፋሉ። ሚስታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ሞታለች። "ሳንባዋን ነው" ተባለ። በዚያን ጊዜ በእኛ ግቢ ሰው የሚሞተው በሳንባ፣ በጉበት ወይም በምች ነበር፤ የበሽታውን ስም የሚጠራ አልነበረም። የቀረቻቸው ሐያት ብቻ ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ቁጥብ፣ አባቷ ሲሰፉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን የምትሠራ።

እኔ የተመደብኩት ሲዲ ፎር የሚባለውን ሕዋስ በምንቆጥርበት ክፍል ነበር። ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ዓይነት ነው፤ ጀርም ሲገባ ለይቶ ሌሎቹን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ኤች አይ ቪ ደግሞ ሄዶ የሚገባው እዚያው ሕዋስ ውስጥ ነው። ይራባበታል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። በዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል፤ ሰውየው ግን ለረጅም ጊዜ ምንም ላይሰማው ይችላል። ጤነኛ ሰው በአንዲት ቅንጣት ደም ውስጥ ከአምስት መቶ እስከ ሺህ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖረዋል። ያኔ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረበት ሰሞን ስለነበረ፣ ከሁለት መቶ በታች የወረደ ቅድሚያ ያገኝ ነበር። ደሙ በተቀዳበት ቀን መቆጠር ስላለበት ናሙና የምንቀበለው ጠዋት ብቻ ነው። ስለዚህ መስኮታችን ላይ ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ ነበር፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች፣ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ያወረደ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ላለመተያየት መሬት መሬቱን የሚያይ።

አንድ የሰኔ ጠዋት በዚያ ሰልፍ ውስጥ ጋሽ ይማምን አየኋቸው። ተራቸው ደርሶ ወረቀቱን በመስኮቱ ሲያቀብሉኝ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ እኔም ስማቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው እንደማላውቅ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክንዳቸውን ሲዘረጉልኝ ስንት ልብስ የሰፋ ክንድ እንዲህ መቅጠኑ ገረመኝ። ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ቁጥሩን አተመ። አርባ አንድ ይላል።

በማግስቱ ማምሻውን በራቸው ላይ ሳልፍ ጠሩኝ። ሐያትን ዳቦ ግዢ ብለው ላኳትና በርጩማ ሳቡልኝ።

"አይተሽኛል" አሉ።

"ሥራዬ ነው፣ ጋሼ። ከእኔ አይወጣም።"

"እሱንስ አውቃለሁ። መድኃኒቱን ሊያስጀምሩኝ ነው። አርባ አንድ ነው የቀረህ አሉኝ። ምኑ ነው አርባ አንድ የቀረኝ? እዚያ ያለችው ልጅ ተቻኩላ ነገረችኝ፤ አልያዝኩትም።"

ዙሪያዬን አየሁና ጠረጴዛቸው ላይ በኖራ የተሰመረ ጨርቅ አየሁ። "አንድ ትልቅ የልብስ ስፌት ቤት ያስቡ" አልኳቸው። "ሃያ ሰፊ አለ፤ አንድ ቆራጭ አለ። ቆራጩ ከሌለ ሰፊዎቹ ምን ይሠራሉ?"

"ምን ይሠራሉ! ክራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ።"

"ቫይረሱ የሚገድለው ቆራጮቹን ነው። ሌሎቹ ቢኖሩም ሥራ የሚሰጣቸው የለም። ለዚህ ነው ትንሹም በሽታ የሚገባብዎት። መድኃኒቱ ቫይረሱን ያስቆመዋል፤ ቆራጮቹም ቀስ እያሉ ይመለሳሉ።"

ጋሽ ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "እንዲህ ብላ ብትነግረኝ ምን ነበረበት!" አሉ። ምሳሌዬ እጅግ ኮራሁበት፤ ቤት ገብቼ ለራሴ ደጋገምኩት። አሁንም ክፉ ምሳሌ አይመስለኝም። ችግሩ፣ ቆራጩ ተመልሶ ሲመጣ የስፌት ቤቱ ምን እንደሚመስል አለማሰቤ ነበር።

መድኃኒቱን ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ይወስዱ ጀመር። አንዲት የደወል ሰዓት ገዝተው የስፌት መኪናቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፤ ስትጮኽ ሐያት ውኃ ታቀብላቸዋለች። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ነበሩ፤ የምግብ ፍላጎታቸውም መለስ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ትኩሳት ያዛቸው። ቀጥሎ አንገታቸው ላይ፣ ከመንጋጭላቸው ሥር፣ እጢ አበጠ፤ በአራት ቀን ውስጥ የዶሮ እንቁላል አከለ። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ሌላው ቀርቶ ምራቅ መዋጥ ያማቸዋል። መድኃኒት ሳይጀምሩ በፊት አንድም ቀን እንዲህ አልሆኑም ነበር።

ሐያት አጥሚት እያፈላች ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው አንድ ሁለቴ ፉት ብለው ይመልሱላታል። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ያለ ቀጠሮ መሄድን ፈሩት። ካርድ አውጥቶ እንደገና ያን ሰልፍ መሰለፍ፣ በሰው ፊት "ምን ሆነህ ነው?" መባል አስጠላቸው። ደግሞስ ግቢያቸው ውስጥ ዶክተር እያለች ለምን ይሄዳሉ?

አስጠሩኝ። እጢውን ነካሁት፤ ያቃጥላል። የተማርኩት ደም መቁጠር ነው፤ እጢ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይጀምሩ አላመማቸውም፣ ሲጀምሩ አመማቸው።

"መድኃኒቱ አልተስማማዎትም" አልኩ። "ለጊዜው ያቁሙት። ሰውነትዎ ትንሽ ይረፍ፤ ቀጠሮዎ ሲደርስ ሌላ ይቀይሩልዎታል።"

"እነሱ አንድ ቀን እንዳታሳልፍ ብለውኛል እኮ። እርግጠኛ ነሽ፣ ዶክተር?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ሐያት ሰዓቷን አንስታ ደወሏን አጠፋችው። አባቷ ሲያምኑኝ እሷም አመነችኝ።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ በረደ። እጢውም ማበጡን አቆመ። በዚህ መኩራቴን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ኮርቻለሁ። ለእናቴ ሳይቀር፣ ማን እንደሆነ ሳልነግራት፣ ሐኪሞች ያላወቁትን አወቅሁ ብያታለሁ። ይሁን እንጂ ጋሽ ይማም አልበረቱም። ትኩሳቱ ለቋቸው ሰውነታቸው ግን እየከሳ ሄደ። የጠበቆቹን ሥራ ለሌላ ሰፊ አስተላልፈው ለሐያት ልብስ መስፋት ጀመሩ። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ አገኘኋትና የለበሰችውን አዲስ ቀሚስ አየሁ። እጅጌው ጣቶቿን ይሸፍናል፣ ወገቡ ይዞራታል።

"ሰፋብሽ" አልኳት።

"አባዬ ሆን ብሎ ነው። ሁለት ነው የሰፋልኝ፤ አንደኛው ከዚህም ይበልጣል። ሳድግ ይሆንሻል ይላል። ደሴ አጎቴ ጋ ሊልከኝ ነው መሰለኝ።"

በልኳ መስፋት የማያቅታቸው ሰው ለምን እንዲያ እንደሰፉ ገባኝ። ቢሆንም ቀጠሮው ቀርቧል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በዘጠነኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ የላብራቶሪያችን አንጋፋ ከነበሩት ከአቶ ታደሰ ጋር ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ወሬ ለማምጣት ያህል፣ "አንድ የሰፈር ሰው መድኃኒቱ አልስማማ ብሎት አንገቱ አበጠ" አልኳቸው።

"ስንት ነበር ቁጥሩ?"

"አርባ አንድ።"

"ከጀመረ በስንት ጊዜው ነው ያበጠው?"

"በሦስት ሳምንቱ።"

ብርጭቆውን አስቀመጡ። "መድኃኒቱ አይደለም" አሉ። "ቲቢ ይሆናል። ድሮም እዚያው ነበረ፤ ቁጥሩ እንደዚያ ሲወርድ ሰውነት የሚያሳብጥበትም የሚያተኩስበትም አቅም ስለሌለው ዝም ብሎ ይተኛል። መድኃኒቱ ሲጀመር ሰውነት ይነቃና ያየዋል። ያ ሁሉ እብጠትና ትኩሳት የሰውነቱ ጩኸት ነው። ቲቢውን ማከም ነው እንጂ መድኃኒቱ አይቆምም። አላቆመም አይደል?"

"አቁሟል መሰለኝ።"

"ማነው አቁም ያለው?"

"አላውቅም" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም ያልኩት፣ በደንብ የማውቀውን ነገር ነበር።

ከሥራ ስወጣ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ በታክሲ መጣሁና ከዚያ በእግሬ ቀጠልኩ። የሚያንጠባጥብ ዝናብ ነበር። በየጥጉ በቆሎ ይጠበሳል፤ አንድ ገዛሁና እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ይዤው ሄድኩ። ቤታቸው ከመድረሴ በፊት የምለውን ለማዘጋጀት ብዙ ሞከርኩ። አንዱ ሐሳቤ፣ ሆስፒታሉ አዲስ መመሪያ አወጣ ማለት ነበር። ሌላው፣ ከነጭራሹ ቀጠሯቸው እስኪደርስ መጠበቅ ነበር። ሁለቱም ያምሩኝ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን የዚያች ልጅ እጅጌ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አባቷ ቢሞቱ ወላጅ የሚባል አይተርፋትም።

ጋሽ ይማም ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። በቆሎውን ለሐያት ሰጠሁና እናቴ ጋ እንድትሄድ ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ" አልኩ። "መድኃኒቱ አይደለም ያሳመመዎት። ቲቢ ሳይሆን አይቀርም። ሰውነትዎ ሲነቃ አግኝቶት ነው ያበጠው። ማቆም አልነበረብዎትም። ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሂድ።"

"ያኔ እርግጠኛ ነኝ ብለሽኝ ነበር።"

"ሳላውቅ ነው ያልኩት። ዶክተር አይደለሁም፤ ደም ነው የምቆጥረው። ዛሬ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ነው የመጣሁት።"

"ይኸው ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሲለቅም ሞት ነው፣ ሲይዝም ሞት ነው? የትኛውን ልመን?"

"ያቆምነው ጩኸቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። ቆራጮቹ መመለስ ጀምረው ነበር፤ የተከማቸውን ሥራ ሲያዩ ነው የተንጫጩት። እኔ አባረርኳቸው።"

ጋሽ ይማም ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ቀጥለውም ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ ያለውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ያቆምኩትስ ዘጠኝ ቀን? ጎድቶኛል?"

"ምንም አልጎዳዎትም" አልኩ ወዲያው። "ምንም።"

ያን ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። የልባቸው ማመንታት ስለታየኝ ብቻ ነው ያልኩት። በማግስቱ ጠዋት አብረን ሄድን። ከእጢው ተወስዶ ተመረመረ፤ ቲቢ ነበር። የቲቢውን ሕክምና አስጀመሯቸው፤ የቀድሞውንም መድኃኒት መለሱላቸው። መጀመሪያ ላይ እንደገና አተኮሳቸው፤ አሁን ግን የሚሆነውን ያወቁ ሐኪሞች ስለያዟቸው አላቋረጡም። በስድስት ወራቸው ቁጥራቸውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። መቶ አሥራ ስምንት ሆኖ ነበር። ወረቀቱን ስሰጣቸው ሰልፈኛው ሁሉ እያየ እጄን ያዙኝ። ሐያት ደሴ ሳትሄድ ቀረች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ መልካም ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ግን ቁጥራቸው መልሶ መውረድ ጀመረ። በየቀኑ በሰዓቱ ይወስዱ ነበር፤ ለዚህ እኔም ሐያትም ምስክር ነን። ቫይረሱ መድኃኒቱን ተለማምዶታል ተባለና ወደ ሌላ ዓይነት ተቀየሩ። በዚያው ዓመት ለሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ፣ በአንዲት ክኒን ውስጥ ያሉት ሦስቱ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወጡት በተለያየ ፍጥነት መሆኑን አስረዳን። ሰው በድንገት ሲያቆም ሁለቱ ቶሎ ይወጣሉ፣ አንዱ ለብዙ ቀናት ብቻውን ይቆያል፤ ቫይረሱም ከዚያ ብቸኛ መድኃኒት ጋር ተፋጦ እሱን መቋቋም ይማራል። ማስታወሻ መጻፌን አቆምኩ። የጋሽ ይማም ቫይረስ የተማረው በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ይሁን በሌላ ምክንያት የሚነግረኝ ምርመራ የለም። ሊሆን እንደሚችል ግን አውቃለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

የልጄ ትኩሳት በማግስቱ ለቀቃት። እኔ ግን ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ይማም ጋ ሄድኩ። ግቢያችን ሲፈርስ እሳቸውም እዚሁ ልደታ ዕጣ ወጥቶላቸው፣ አሁን ከእኛ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ ምድር ቤት ላይ ይሰፋሉ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ሐያት አግብታ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያቆሙበትን ዘጠኝ ቀን፣ በሥልጠናው የሰማሁትን፣ መድኃኒታቸው የተቀየረበትን ምክንያት ምናልባት እኔ አምጥቼው ሊሆን እንደሚችል።

የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሰሙኝ። ስጨርስም መነጽራቸውን አወለቁ።

"አልጎዳህም ብለሽኝ ነበር።"

"ያኔ አላውቅም ነበር፣ ጋሼ። የማውቅ መስዬ ነው የተናገርኩት።"

"እሱን ነው እኔ ውሸት የምለው። ያን ቀን ጎድቶህ ሊሆን ይችላል ብትዪኝ ኖሮ፣ ሁለተኛ አላምንሽም ነበር። ባላምንሽ ደግሞ ክኒኑን መልሼ አልነካውም። ሐያትን ለአጎቷ ሰጥቼ እሞት ነበር። እንግዲህ ውሸትሽ አትርፎኛል።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ግን ዋሽተሽኛል።"

"አዎ" አልኩ።

ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እኔም ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ። ይቅር ብዬሻለሁ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር የሄድኩት፤ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። አዘንኩ፤ እንዳልበደሉኝም አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ይማም ናቸው፤ የዚህን ወር የደም ውጤት ወረቀት ስለተቀበሉ መጥቼ እንዳነብላቸው ነው የደወሉት። ሄጄ የማውቀውን ያህል አነበብኩላቸው።